የተዘቀዘቀ ነጠላ

ልጅቷ የተገኘችው ለንደን ውስጥ፣ ከካሌዶኒያን ሮድ ገባ ብሎ ባለ የካውንስል ሕንፃ ውስጥ፣ ደረጃው ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነው። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ስለነበር ሚስስ ዶይል የተባሉ አይርላንዳዊት ጎረቤት በእግራቸው ሲወርዱ አዩዋት። የደከማት መስሏቸው «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» ብለዋት አለፉ። ትንሽ ከወረዱ በኋላ ግን መልስ አለመስማታቸው ከነከናቸው። ተመልሰው እጇን ሲነኩት ቀዝቅዟል።

ኢንስፔክተር ዓለምሰገድ ሲደርስ የአምቡላንስ ሠራተኞች በቃሬዛ ይዘዋት እየወረዱ ነበር። ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አሳለፋቸው። ሃያ ሁለት፣ ቢበዛ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፊቷ አመድ መስሏል። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሆዷ ግን ቀኗ እንደ ደረሰ ሴት ተነፍቷል። ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ በነጭ ነጠላ ተጠቅልላለች።

ነጠላውን ሲያይ ዓለምሰገድ በቆመበት ደረቀ።

«ቆዩ! ማን ነው እንዲህ ያለበሳት?»

«ስናገኛት እንዲህ ነበረች» አለ አንደኛው ሳይቆም። «አሁን ከመንገዱ ዞር በልልን።»

መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ ልጅቷ ከመነሳቷ በፊት በፖላሮይድ አንስቷት ነበር። ሳርጀንት ፒርስ፣ ወፍራሙ የዓለምሰገድ ባልደረባ፣ እያለከለከ ደረጃውን ጨርሶ ሲመጣ አለቃው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ያይ ነበር።

«ምን አገኘህ አለቃ?»

«ይህን ባለ ቀለም ጠርዝ አየኸው? ጥለት ይባላል። በደህናው ቀን ወደ ታች ነው የሚሆነው። እዚህ ላይ ግን ወደ ላይ ወጥቶ አገጯ ሥር ገብቷል።»

«እሺ?»

«ነጠላ እንዲህ የሚዘቀዘቀው ሰው ሲሞት ነው። ሐዘንተኛ ነው እንዲህ የሚለብሰው።»

ፒርስ ላቡን ጠረገ። «በመጨረሻ አንተ ብቻ የምታነበው ሬሳ አገኘህ በለኛ።»

«ሬሳ አይደለችም፤ በሕይወት አለች። ሬሳ እንድትሆን የፈለገ ሰው ነው እንዲህ ያለበሳት። ከእኛው ሰዎች አንዱ ነው፣ ፒርስ።»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረ። ለንደን የመጣው ሊማር ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ ይረዳው የነበረው መንግሥትም አብሮ ሄደ። ዲሽ ሲያጥብ፣ በር ሲጠብቅ ቆይቶ ፖሊስ ሆነ። ይኸው በፈረንጆቹ 1996 በጣቢያው ውስጥ ኢንስፔክተር የተባለ ብቸኛው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። አንድ ቀን ሌሎቹ አይተው የማያውቁትን ነገር አየሁ ብሎ መናገር ሲመኝ የኖረ ሰው ነው፤ ዛሬ ተናገረ።

ሚስስ ዶይል ሌላም ያዩት ነበር። ከመውረዳቸው በፊት ከበረንዳቸው ሆነው ታች ግራጫ መኪና ቆሞ፣ ረዘም ያለ ሰው አንዲትን ሴት ደግፎ ወደ ሕንፃው ሲያስገባ አይተዋል። ጀርባውን ብቻ ነው ያዩት። «ባሏ መስሎኝ ነበር» አሉ። «እንዴት አድርጎ ቢያቅፋት ነው!»

የልጅቷ ስም ሔርሜላ ነው። ነርስነት ትማራለች። የምትኖረው እዚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ፣ ከታላቅ እህቷ ከጌጤነሽና ከእህቷ ባል ከኤርምያስ ጋር ነው። ያመጣት ሰው ቤቷ ሳያደርሳት ደረጃው ላይ ጥሏት ሄዷል።

*

«እርጉዝ አይደለችም» አለች ዶክተር ሜርሰር፣ ሔርሜላን የተቀበለችው የሆስፒታሉ ሐኪም። «ጭኗ ላይ ያያችሁት የመርፌ ምልክትም የአደንዛዥ ዕፅ አይደለም።»

«ታዲያ የምንድን ነው?»

«ሴት በወር አንድ እንቁላል ታበስላለች። ለዚህች ልጅ ብዙ እንቁላል ባንዴ እንዲበስል የሚያደርግ መርፌ ተሰጥቷታል። እንቁላሉም በቀጭን መርፌ ተቀድቶላታል፤ ምልክቱን አይቻለሁ። ይህ የሚደረገው ሴቲቱ ራሷ ልጅ ፈልጋ ስትታከም ነው፤ አለዚያ ለሌላ ሴት ልትሰጥ። ባል አላት?»

«የላትም።»

«እንግዲያው ለሌላ ሴት ነው።»

ዓለምሰገድ በመስታወቱ በኩል ሔርሜላን አያት። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ፣ ክንዷ ላይ ቱቦ። «እንቁላል የሰጠች ሁሉ እንዲህ ትሆናለች?»

«አትሆንም። አብዛኞቹ ሰጥተው፣ ጥቂት ቀን ሆዳቸውን ነፍቷቸው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በጥቂቶቹ ላይ ግን የእንቁላል ዕጢዎቹ ከልክ በላይ ያብጣሉ። ከደም ሥር ውሃ እየወጣ ሆድና ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ደሙ ይወፍራል። የሚያውቅ ሐኪም በየጊዜው እያየ የመርፌውን መጠን ይቀንሳል፣ አልሆን ካለም ያቆማል። ይህችን ልጅ ማንም አላያትም።»

«ወደፊት መውለድስ ትችላለች?»

«ነገሩ በደንብ ከተሠራ አንድ ጊዜ መስጠት የራስን መውለድ ያስቀራል የሚል ማስረጃ አላየሁም። ሰጪዎቹን ለብዙ ዓመት ተከታትሎ ያጠናም ግን እምብዛም የለም፤ ስለዚህ ምንም አይመጣም ብዬ አልምልልዎትም። የዚህችኛዋ ደግሞ ሌላ ነው። የቀኙ ዕጢ በራሱ ላይ የተጠማዘዘ ይመስለኛል፤ ደም ካልደረሰው ይሞታል። ግራውም አብጧል። አሁን ብከፍታት፣ እብጠቱ ገና እየጨመረ ከሆነ ሲነካ ይደማና ሁለቱንም አጣለሁ። ብጠብቅ ደግሞ እሷንም ላጣ እችላለሁ። ምን እንደተወጋች፣ ስንት እንደተወጋች፣ የመጨረሻው መርፌ መቼ እንደሆነ ባውቅ እብጠቱ እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ የሚለውን አውቅ ነበር። ፈቃድ ያላቸው ክሊኒኮች ሁሉ ጋ ደወልን፤ የሚያውቃት የለም።»

«እስከ መቼ መጠበቅ ይችላሉ?»

«እስከ ምሽት። ከዚያ በኋላ በግምት ነው የምቆርጠው።»

«እህቷስ ምን አለች?»

«መጥታ ነበር። በሕይወት አለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አለች አልኳት። ምን ወስዳ ነው ስላት ደግሞ እንደ ተሰደበ ሰው አየችኝና ‹የምታውቁትን እኔን ለምን ትጠይቁኛላችሁ?› ብላኝ ልብስ ላመጣ ብላ ሄደች።» ሐኪሟ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም።»

ለዓለምሰገድም አልገባውም።

*

ኮሪደሩ ላይ እነ ሔርሜላ የሚሳለሙበት ደብር ሴቶች በረድፍ ተቀምጠዋል። የፍልሰታ ጾም ነውና ከቅዳሴ ወጥተው በቀጥታ ነው የመጡት። መሃላቸው የተቀመጡት እትዬ ፍቅርተማርያም ዓለምሰገድን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«ፖሊስ ነኝ፣ እትዬ።»

«ፖሊስነትህንማ አየሁት። የማን ልጅ ነህ ነው ያልኩህ።»

«የደግፌ። አባቴን አያውቋቸውም።»

«እሱን ለእኔ ተወው።» አጠገባቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አደረጉለት። ሲቀመጥ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ሰው ማማት አልወድም። ግን ሆዷን ሁላችንም አይተነዋል። ኤርምያስ በዚያች ግራጫ መኪናው ጠዋት ጠዋት ይዟት ይወጣል፤ ሚስቱ ሥራ ላይ። ስንት ዓመት ልጅ ያልወለደች ሚስት! ከዚህ በላይ ምን ልበልህ?»

«ጌጤነሽ ታውቃለች?»

«እሷ? ኩሩ ናት። ብታውቅም እያየችህ አትነግርህም። ሰላምታዋ ራሱ በሰልፍ ነው የሚገኘው።»

ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ፤ ወዲያውም የት እንዳሉ ትዝ ብሏቸው ዝም አሉ።

*

ኤርምያስ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ባለ የሚኒካብ ታክሲ ቢሮ ውስጥ ተገኘ። ረዥም ነው። መኪናው ግራጫ ነው። ፒርስ አለቃውን በዐይኑ ጠቀሰው።

«ዛሬ ረፋዱ ላይ የት ነበርክ?» አለው ዓለምሰገድ በአማርኛ።

«ሂትሮ ኤርፖርት። ሰው አድርሼ ሰው ይዤ ተመለስኩ። ሥራ የሚሰጠንን ኮንትሮለር ቼክ ማድረግ ትችላለህ።»

ፒርስ ጠየቀ፤ እውነት ነበር። ሁለቱም ተሳፋሪዎች ተገኙ። አንደኛዋማ ሹፌሩ መንገዱን ሙሉ በማታውቀው ቋንቋ ሲጸልይ እንደነበር ተናገረች።

«ጠዋት ጠዋት ሔርሜላን የት ነው የምታደርሳት?»

ኤርምያስ ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ። «ሆዷን ያማታል። ስቶክዌል አንድ ሐኪም አላት፣ ዶክተር ሃርግሪቭ የሚባል። ዛሬ ግን ሥራ ስለነበረኝ በባቡር ነው የሄደችው።»

«ሰው ስለ አንተና ስለ ልጅቷ ምን እንደሚል ሰምተሃል?»

ይኼኔ ቀና አለ። ዐይኑ እንባ አቅርሯል፤ አንገቱ ግን ቀጥ ብሏል። «ሰምቻለሁ። ያሻቸውን ይበሉ። እኔ እህቴን ነው ያደረስኩት። ከዚህ በላይ የምነግርህ የለም፤ ቃል አለብኝ።»

«ልጅቷ ልትሞት ትችላለች እኮ፣ ኤርምያስ።»

«ሐኪሞቹ የሚያደርጉትን ያውቃሉ፣ ወንድሜ። እነሱን ተዋቸው ይሥሩ።»

*

ዶክተር ሃርግሪቭ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ባለ ንጹሕ ክፍል ውስጥ ተቀበላቸው። ረጅም፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ሻይ እንዲመጣላቸው አዘዘ።

«አዎ፣ ዛሬ ጠዋት መጥታ ነበር። ሆዷን አሟት። ማስታገሻ ሰጥቻት ሄደች።»

«በእግሯ?»

«በእግሯ፤ ያውም ቀጥ ብላ። ያን ነጭ ሻሏን እንደ ሴቶቻችሁ ተጠቅልላ፣ አረንጓዴና ወርቃማው ጠርዝ አገጯ ሥር። እንዴት ያምራል! በመስኮት ቆሜ እስክትርቅ አየኋት።»

«እንቁላል እንዲበስል የሚያደርግ መርፌ ሰጥተዋት ያውቃሉ?»

«ለዚያ ፈቃድ ያላቸው ክሊኒኮች አሉ፣ ኢንስፔክተር። እኔ ተራ የሴቶች ሐኪም ነኝ። እነሱን ይጠይቁ።»

«መኪና አለዎት?»

«ለንደን ውስጥ? በባቡር ነው የምመላለሰው።»

ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ፒርስ «ጥሩ ሻይ ነው» አለ። «ሰውየውን ግን አልወደድኩትም።»

«አለመውደድ ለፍተሻ ትእዛዝ አይበቃም።» ዓለምሰገድ ፎቶውን እንደገና አወጣ። «ከዚህ ስትወጣም ነጠላዋ ተዘቅዝቆ ነበር ማለት ነው። እንግዲያው መንገድ ላይ ያለበሳት የለም፤ ከቤቷ ነው የመጣው። ወይ ሰው ሞቶባታል፣ ወይ ቤቷ ውስጥ ያለ ሰው ‹ለእኔ ሞተሻል› ብሏታል።»

«እህትየዋ?»

«ባሏን ጠርጥራ እንደሆነ ማን ያውቃል? ኩሩ ሴት ናት ብለውናል።»

*

ጌጤነሽ በሩን ራሷ ከፈተች። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ከሥራ ዩኒፎርሟ ገና አልወጣችም። ጠረጴዛው ላይ የሌሊት ልብስና ነጠላ ጫማ አጣጥፋ ለሆስፒታል አዘጋጅታለች። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግን አንድ የተዛነፈ ነገር አይታይበትም።

«ይግቡ። ቸኩያለሁ፤ ቆሜ ባናግርዎ አይክፋዎ።»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎት» አለ ዓለምሰገድ። «ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«ምን አሉ?»

«ከቤተሰቡ ማን አርፎ ነው? ሔርሜላ ዛሬ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ነው የወጣችው።»

«ምን ዓይነት ሟርት ነው የሚያወሩት!» ድምፏ ጨመረ። «የሞተ ሰው የለም! እዚህ፣ እዚህች በር ላይ እኔ ነኝ ያለበስኳት። ሆዷ ተወጥሮ ክንዷን ማንሳት አቅቷት ነበር። ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ፣ እንደ ሙሽራ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌላት ነው የሸኘኋት።»

ዓለምሰገድ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ጌጤነሽ አየችው። በሁለት ጣቷ ጥለቱን ከእህቷ አገጭ ሥር ወደ ታች ልታወርደው የፈለገች ይመስል ፎቶውን ማሸት ጀመረች።

«ማን ነው?» አለች። «ማን ነው እህቴን በቁሟ ሐዘን ያለበሳት?»

«የሚጠላት ሰው መስሎኝ ነበር።»

«የሚጠላት?» ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ የአገሬ ሰው አይደሉም እንዴ? ከእኛ ማን ነው ይህን የሚያደርግ? ቢጠላትም፣ ቢገድላትም እንኳ እጁ እሺ አይለውም። ይኼ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው። እንደ ብርድ ልብስ ነው የጠቀለላት!»

ዓለምሰገድ ፊቱ ሲግል ተሰማው። ጠዋት ደረጃው ላይ ሌላ የማያነበውን አነበብኩ ብሎ ኮርቶ ነበር። ለካ የሚነበብ ነገር አልነበረም። አንድ የማያውቅ ሰው እጅ ብቻ ነበር። ወዲያው የለስላሳው ሰው ድምፅ መጣበት፤ አረንጓዴና ወርቃማው ጠርዝ አገጯ ሥር። ከዚህ ቤት ጥለቱ ወደ ታች ሆኖ የወጣች፣ ክንዷን ማንሳት ያልቻለች ልጅ እንዴት ራሷ ልታዘቀዝቀው ትችላለች? እንደዚያ ያያት ያዘቀዘቀው ሰው ብቻ ነው።

«እህቴ፣ ስሚኝ» አለ። ‹እርስዎ› ማለቱ በራሱ ቀርቶ ነበር። «ዶክተር ሜርሰር ምን እንደተወጋች አታውቅም። እስከ ምሽት ካላወቀች በግምት ልትቆርጣት ነው።»

«እንዴት አታውቅም? ዶክተር ሃርግሪቭ ሥራ ቦታ ደውሎልኝ፣ ‹ለሆስፒታሉ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፤ አንቺ አፍሽን ከዘጋሽ ደህና ትሆናለች› ብሎኛል! ከተናገርሽ የሔርሜላን የሆም ኦፊስ የስደተኝነት ጉዳይ ያበላሹታል፣ እሷንም ያስሯታል ብሎኛል!»

«ለሆስፒታሉ አልደወለም። አንድ ቃል አልነገራቸውም።»

ጌጤነሽ ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እንባዋ ወረደ፤ ድምፏ ግን አልተሰበረም።

«ማኅፀኔ ደህና ነው፤ እንቁላሌ ነው እንቢ ያለው፣ ያለ ጊዜው አለቀ አሉኝ። ለሰው አልተናገርኩም። ሔርሜላ ብቻ ናት የምታውቀው። አንድ ቀን ሳህን እያጠብን ‹የእኔን ውሰጂ› አለችኝ፤ ሹራብ እንደምትሰጠኝ ነገር። አይሆንም ብዬ ስንት ጊዜ ተጣላን። እሷ ግን ሐኪሙን ራሷ ፈልጋ አገኘች። ‹ስደተኛን ትልልቆቹ ክሊኒኮች አይቀበሉም፣ እኔ ግን እረዳችኋለሁ› አላት።»

«ሐሰት ነው። ክሊኒክ ሄዳችሁ ቢሆን እንደ ማንም ያስተናግዷችሁ ነበር።»

«አሁን ገባኝ።» ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «ደም እንደ መስጠት ነው አላት። ምንም አደጋ አልነገራትም። ማበጥ ስትጀምር ያልፋል አላት። ጾም ላይ ነበረች፤ እስከ ቅዳሴ መውጫ ውሃ በአፏ አይዞርም። ምን ትበያለሽ፣ ምን ትጠጫለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ዛሬ ጠዋት ሲብስባት ውሃውን እቀዳልሻለሁ ብሎ ጠራት። ኋላም ሲደውልልኝ፣ ቀለል ብሏት በእግሯ ከሄደች በኋላ ነው ወድቃ ሆስፒታል የገባችው አለኝ።»

«የመጨረሻው መርፌ መቼ ነበር?»

«ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ማታ። እኔ ነኝ የወጋኋት።» ተነስታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ከጎመኑ ጀርባ ባዶ ብልቃጦች በላስቲክ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። «እሷ ናት አትጣይው ያለችኝ። ነርስ አይደለች እንዴ!»

ዓለምሰገድ ከዚያው ቤት ስልክ ደውሎ የብልቃጦቹን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ለዶክተር ሜርሰር አነበበላት። በሌላው ጫፍ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ወርዷል ማለት ነው» አለች። «እብጠቱ ጫፉን አልፏል። አሁን ልገባ እችላለሁ።»

ስልኩን ሲዘጋ ጌጤነሽ አሁንም ፎቶው ላይ ነበረች።

«ማተቧስ?» አለች። «ተመልከት፣ አንገቷ ባዶ ነው። ከክርስትናዋ ጀምሮ አውልቃው አታውቅም።»

*

የፍተሻ ትእዛዙ ሲመጣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ከፋርማሲው ጀርባ ባለው ጓሮ ግራጫ ሮቨር መኪና ቆሞ ነበር። የኋላ ወንበሩ ላይ ነጭ የጥጥ ክር ተጣብቋል።

«በባቡር ነው የሚመላለሰው» አለ ፒርስ።

ውስጥ ከአልጋው አጠገብ ባለ የብረት ሳህን ላይ፣ ከእርጥብ ጥጥ በታች፣ ጥቁር ማተብ ተገኘ። የእንጨት መስቀሏ አብራው አለች። ክሩ በመቀስ ተቆርጧል።

ዓለምሰገድ ማተቡን በብዕሩ ጫፍ አነሳው። «‹ማስታገሻ ሰጥቻት ሄደች› ነበር ያሉኝ። ለማስታገሻ የሰው አንገት ላይ ያለ ክር ይቆረጣል?»

ሃርግሪቭ እንደ ታመመ ሰው ተቀመጠ። «ስትተኛ ከቱቦው ጋር ተጠላልፎ አስቸገረኝ። ውሃውን ቀዳሁላት። መንቃት ሲያቅታት... እንዲህ ያለ ነገር በሕክምና ያጋጥማል፣ ኢንስፔክተር። ከመቶዎቹ በጥቂቶቹ ላይ ይደርሳል። ማንኛውም ሐኪም ይነግርዎታል።»

«ነግራኛለች፤ ዶክተር ሜርሰር ሁለቱንም ነገረችኝ። ደህና የሚሆኑትንም፣ የማይሆኑትንም። እርስዎ ለልጅቷ አንዱን ብቻ ነገሯት። ያጋጠመውን አይደለም የምጠይቅዎት፤ ያልነገሯትንና ደረጃ ላይ የጣሉትን ነው። ከአጠገብዎ እስከ ሆስፒታል ስንት መንገድ ነበር?»

«እንዳይበርዳት ሸፍኛታለሁ» አለ ሃርግሪቭ።

«አዎ» አለ ዓለምሰገድ። «በሸፈኗት ነው የያዝንዎት።»

*

ሔርሜላ መናገር ስትችል ቃሏን ሊቀበሉ ሄዱ። ከስታለች፤ ዐይኗ ግን ጥርት ያለ ነው። የቀኙን ዕጢ አጥታለች። ግራው ተርፏል። ዶክተር ሜርሰር አንዱ ብቻውን ልጅ ሊያስወልድ እንደሚችል ነግራታለች፤ ግን እንደማትምልላት አብራ ነግራታለች። ሃርግሪቭ የቀዳቸው እንቁላሎች ግን በአያያዝ ጉድለት ሁሉም ጠፍተዋል።

«ጋዜጠኞች ሰምተዋል» አላት ዓለምሰገድ። «ከፈለግሽ ስምሽ እንዲደበቅ ማመልከት እንችላለን።»

«No way. ለምን ይደበቃል?» አለች። «ሔርሜላ ብለህ ጻፍ። ማንም ምንም አልወሰደብኝም፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት። Tomorrow ብትጠይቀኝ ለእህቴ እሰጣለሁ። ግን እያወቅኩ ነው የምሰጠው፣ ገባህ? እሱ የሰረቀኝ ማወቄን ነው። ነርስ ስሆን ማንንም ሴት እንዲህ ሳትሰማ አላስተኛም።»

ፒርስ አማርኛውን አልሰማም፤ ግን ብዕሩን አስቀምጦ አያት።

በምትወጣበት ቀን የደብሩ ሴቶች እንደገና ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ጌጤነሽ እህቷን ደግፋ ከክፍሉ ስትወጣ ሹክሹክታው ቆመ። እትዬ ፍቅርተማርያም «እንኳን እግዜር አተረፈሽ» አሉ፤ ዐይናቸው ግን ወደ ሔርሜላ ሆድ ሄደ።

ጌጤነሽ አየቻቸው። ማለፍ ትችል ነበር። ሁልጊዜ እንደምታልፈው፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ። ቆመች።

«እትዬ፣ ሁላችሁም ስሙኝ» አለች። «መውለድ ያቃተኝ እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ልጅ እንዳገኝ ብላ ከሰውነቷ ቆርሳ ሰጠችኝ። ሆዷ የተነፋው ለእኔ ነው። ባሌ ሲያደርሳት የነበረው ወደዚያ ነው። የምታሙት ካለ ከዛሬ ጀምሮ እኔን እሙ፤ እሷን ግን ቆማችሁ አሳልፏት።»

እትዬ ፍቅርተማርያም ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ ረድፉ ሁሉ ተነሳ።

«ነይ ልጄ፣ እለፊ» አሉ። «አንቺንስ ቆሞ ማሳለፍ ነው።»

የመጀመሪያው ነጠላ በማስረጃነት ፖሊስ ዘንድ ነው። ጌጤነሽ አዲስ ገዝታለች። በሩ ላይ ደርሰው ንፋሱ ሲመጣ ዘረጋችው፤ እህቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው፤ ጥለቱን በሁለት እጇ እያስተካከለች እስከ ታች አወረደችው። ኤርምያስ ግራጫ መኪናውን ደጃፉ ላይ አቁሞ፣ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

ዓለምሰገድና ፒርስ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያያሉ።

«ወደ ታች» አለ ፒርስ ጥለቱን በአገጩ እያመለከተ። «አሁን ልክ ነው፣ አይደል አለቃ?»

«ልክ ነው» አለ ዓለምሰገድ። ባርኔጣ አላደረገም እንጂ ያወልቅ ነበር።